ጣሊያን ያፈረሰው በር

ጋሽ ገዳሙ ወልደጊዮርጊስ ድንጋይ ሳይነኩ ማለፍ አይሆንላቸውም። ሃምሳ ዓመት በግንበኝነት የኖሩ ሰው ናቸው፤ አብሯቸው የሚሄድ በየአምስት እርምጃው መቆም ግድ ይሆንበታል። እየመሩ የሚያዞሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ግን ለዚህ ትዕግሥቱ የለኝም። የተሰጠኝ ሦስት ቀን ነበር፦ ደብረ ማርቆስ ዳገቱ ላይ ያለውን አሮጌ ቅጥር ለክቼ፣ የቅርስ መመዝገቢያውን ቅጽ ሞልቼ ወደ መሥሪያ ቤቴ መመለስ።

ቅጥሩን የድሮ መኳንንት ለጦር ጊዜ ያሠሩት ነው ይባላል። ዛሬ ውስጡ ሠላሳ አባወራ ይኖርበታል። ጠመንጃ ይወጣበት በነበረው ቀዳዳ ዶሮ ትገባበታለች፤ ግንቡ ላይ በርበሬ ይሰጣል። በር ነበረበት በሚባለው በምሥራቅ በኩል ግን የቅጥሩ ምልክት እንኳ የለም። አዲሱ መንገድ የተቀየሰውም በዚያው ነው። ቅጥሩ ሰፈሩን ሙሉ በሙሉ ይዞር እንደነበር ካልተረጋገጠ አሥራ አንድ ቤት ይነሳል።

«የምሥራቁ በር የት ነበር?» ብዬ ያልጠየቅሁት ሰው የለም።

«ጣሊያን አፈረሰው» ይሉኛል። ባለሱቁም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛም፣ ልጆቹም። ከማን ሰማችሁ ስላቸው ሁሉም ጋሽ ገዳሙን ይጠራሉ። ቅጥሩን በተመለከተ እሳቸው ካሉ አለቀ። እኔም «በጣሊያን ወረራ ጊዜ ፈርሷል» ብዬ ጻፍሁ።

በሦስተኛው ቀን በእማኝነት እንዲፈርሙልኝ ደጃቸው ላይ ቁጭ ብዬ ቅጹን አነበብሁላቸው። እስክሪብቶውን ተቀበሉ፤ ግን አልፈረሙም።

«ልጄ፣ ይኼ ጽሑፍ ስንት ዘመን ይቀመጣል?»

«እኛ ካለፍን በኋላም ይኖራል፣ ጋሼ።»

እስክሪብቶውን በጣታቸው አገላበጡ። እኔ ሰዓቴን አየሁ።

«እንግዲያው ጣሊያንን ሰርዥው። በሩን ያፈረስሁት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ የሚቀልዱ መሰለኝ።

«በሰባ ዓመተ ምሕረት ነው። ይታይሽን ላገባ ቤት እሠራ ነበር። ያኔ በሩን እሾህ ውጦት ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎችም አልፈዋል። ድንጋዩ ተጠርቦ ያለቀ ነው፤ ለግንበኛ እንዲህ ያለ ፈተና የለም። በኋላ ልጆች ሲጠይቁኝ ጣሊያን አልሁ። አንዴ ካልሁት በኋላ በምን አፌ ልመልሰው?»

ተናደድሁ። ሦስት ቀን ሙሉ በድንጋይ ፍቅራቸው አንከራትተውኛል። «መሠረቱንስ ነቀሉት?» አልኋቸው፣ ድምፄ ከፍ ብሎ።

«መሠረት ማን ይነቅላል! ለራሴ ቤት መሠረት ለመቆፈር ሰንፌ በላዩ ገነባሁበት እንጂ። የመኝታ ቤቱ ወለል ቢቆፈር ታገኝዋለሽ።»

ንዴቴ በዚያው ወደቀ። የሚሉት እውነት ከሆነ ሰፈሩ ይተርፋል። ግን ቤታቸው ይቆፈራል፤ የቅጥሩ ጠባቂ ሲባሉ የኖሩት ሰውም አፍራሽ ተብለው መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ። ይህንኑ ነገርኋቸው፤ አሳዘኑኝም።

«አውቃለሁ። ስሜን ከነአባቴ ጻፊው» አሉና ፈረሙ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ይታይሽ ከኋላችን በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። ጎረቤቶችም ቅጹ ሲነበብ ለመስማት ተሰብስበው ነበር።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ፣ አርባ ሰባት ዓመት ያድራል ማለታቸው ኖሯል?» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ። «አንተ ሰውዬ፣ ለእኔ እንኳ?»

«በተሰረቀ ድንጋይ አገባኝ እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው።»

ጋሽ ገዳሙ ወደ መኝታ ቤቱ ገቡ፤ ፍራሹን ጠቅልለው ግድግዳ ላይ አስደገፉና አልጋውን ብቻቸውን ለማንሳት ጎንበስ አሉ። አልጋው ንቅንቅ አላለም። ወይዘሮ ይታይሽ ጥቂት አዩዋቸው። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና የአልጋውን ሌላ ጫፍ ያዙ።

«በል አንሳ» አሏቸው።