መምሬ ዕንባቆም ለመካኒኳ የተናዘዙ ዕለት

የትነበርሽ የመሪጌታ ልጅ ናት። አባቷ ጎንደር ውስጥ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ የእሷ ልብ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የሚሸፍተው ሞተር ሲጮኽ ነው። ወደ ደባርቅ በሚያወጣው መንገድ ዳር የሞተር ሳይክል ጋራዥ ከከፈተች አሥር ዓመት አልፏታል። ስትሠራ ታዜማለች፤ ሥራው ሲሰምርላት ደግሞ መፍቻዋን እንደያዘች ትጨፍራለች። ጎረቤቶቿ ታዲያ «ዛሬ ደግሞ ማን ዳነ?» እያሉ ብቅ ይላሉ።

ባለፈው ሰኔ መምሬ ዕንባቆም ሞተራቸውን አይሱዙ ላይ አስጭነው ከዳባት በላይ ካለው ደብራቸው መጡ። አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ለቤተ ክርስቲያኑ ትቷት የሄደ፣ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚቀዳላት፣ ባለ ሁለት ምት የገጠር ሞተር ናት። መምሬ ሦስት አጥቢያ የሚያዳርሱት በእሷ ነው። ጥምጥማቸውን አጥብቀው፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ሽቅብ ሲበሩ ያየ ሁሉ ይስቃል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ያን ቀን ግን አልሳቁም። መስቀላቸውን ሲያወጡ የትነበርሽ በዘይት የጠቆረ እጇን ወደ ኋላ ደብቃ በግንባሯ ተሳለመች።

«ምን ሆነችብዎ፣ አባቴ?»

«ዳገት ላይ ሲጥ ብላ ጮኸችና ቀጥ! ከዚያ ወዲህ አቅም የላት፣ ወኔ የላት።»

የትነበርሽ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ፈትታ ሲሊንደሩን አወጣች። ውስጡ ከላይ እስከ ታች ተሸነታትሯል። የጎረቤቱ የቶርኖ ባለሙያ ኪሩ አንገቱን አስግጎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይቺማ አልቃለች! በፊትም እስከ መጨረሻው ልክ ሰፍታለች፤ ከዚህ በላይ ባሰፋት የሚገባላት ፒስተን አይገኝም።»

መምሬ አግዳሚ ወንበር ላይ ዝርግት አሉ። «ክረምቱ መጣ፤ በእግሬ ሦስቱን እንዴት አዳርሳለሁ?»

የትነበርሽ ሲሊንደሩን በቤንዚን አጠበች፣ ወደ ፀሐይ ወጣች፣ ጥፍሯን በጭረቱ ላይ አሻገረች። ጥፍሯ አልሰመጠም፤ እብጠት ነገር ላይ ተደናቀፈ። ደግማ አሻገረች። አሁንም ተደናቀፈ።

«ኪሩ! ይሄ ጭረት አይደለም፤ ልጣፊ ነው! የፒስተኑ አልሙኒየም ቀልጦ ብረቱ ላይ ተጣብቋል!»

ጓንትና መነጽር አድርጋ፣ ለሳሙና መሥሪያ የሚሸጠውን ኮስቲክ በጥጥ እያስነካች የተለጠፈውን ብቻ ቀባችው። አልሙኒየሙ ቡልቅ ቡልቅ እያለ አረፋ ደፈቀ። ሦስቱም ጭንቅላታቸውን አጋጥመው፣ እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፍተው አዩት። ደጋግማ ቀባች፣ አጠበች፣ በስስ ብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አደረገችው። ብረቱ ከሥር ወለል ብሎ ወጣ።

«ደስ ለማለት ገና ነው» አለች፤ እሷ ራሷ ግን መቁነጥነጥ ጀምራለች። የሲሊንደሩን ስፋት ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች፣ በሁለት በሁለት አቅጣጫ ለካች። በሰፊውና በጠባቡ መካከል ያለው ልዩነት የሚሊሜትር አራት መቶኛ ብቻ ነው። ጋዝ የሚገባባቸውንና የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች ጠርዝ በጣቷ ዳበሰች፤ ስንጥቅ የለም። ፒስተኑን የምታቅፈውን አዲስ ቀለበት፣ ፋሻዋን፣ ያለ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብታ በሁለቱ ጫፎቿ መካከል የቀረውን ክፍተት በስስ የብረት ቅጠል ለካች። ልክክ!

«አባቴ፣ ድናለች! ግን ፒስተን እንዲህ የሚቀልጠው ዘይት ሲያንሰው ነው፤ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ዘይቷን ስንት ነው የሚያደርጉላት?»

መምሬ መሬት መሬት አዩ። «ጭሱ በዛ፣ ልጄ። ሕዝቡ መቅደሱን አጠቆሩት አለኝ። ቀነስኩላት።»

«ምን ያህል?»

«ግማሽ።»

«አባቴ!»

«ኋላ ደግሞ... ጭራሽ ተውኩት።»

ኪሩ ግድግዳ ይዞ ሳቀ። የትነበርሽ ሳቋን ውጣ ቀጥ ብላ ቆመች።

«እግዚአብሔር ይፍታዎ። ቀኖናዎ ለአምስት ሊትር ቤንዚን ሁለት የሻይ ብርጭቆ ዘይት ነው፤ ዕድሜ ልክዎን!»

«ይሁን፣ ተቀብያለሁ» አሉ መምሬ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። ከዚያ ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ።

ልኳ የሆነ አዲስ ፒስተን ከመደርደሪያው ተገኘ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የትነበርሽ መርገጫውን መታች። ዝም። ደግማ መታች። ሦስተኛው ላይ ሞተሯ ርርርርን ብላ ጋራዡን በጭስ ሞላችው። የትነበርሽ ጨፈረች። መምሬም አልቻሉም፤ ማሕሌት ላይ እንዳሉ እያጨበጨቡ ወዲያ ወዲህ ተወዛወዙ።

ለሙከራ መምሬን ከኋላ አፈናጥጣ በቀስታ ከወለቃ መንደር በላይ ወጣች። ባጃጆች ጡሩምባ ነፉላቸው። ዳገቱ ጫፍ ላይ መምሬ «እስኪ አንዴ ልዙርባት» ብለው መሪውን ያዙ።

«ቀስ! ገና ናት!» ብትል ማን ሰምቷት። መምሬ በደባርቅ መንገድ ሄደው ከዓይኗ ጠፉ። አሥር ደቂቃ ሆነ፣ ሃያ ሆነ። የትነበርሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ብቻዋን ስትስቅ የሞተሯ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ።

«ሸጋ ናት! ሸጋ!» አሉ መምሬ እየተጠጉ። «መመለሱን ረስቼው፣ ልጄ፣ ወደ ቤቴ ስሄድ ነበር!»