ስለ ንብ ብዬ ጀርመን አገር

ከሁምቦ የወጣሁ ዕለት፣ አመሻሹ ላይ፣ ንቦቼ ወደየቀፏቸው ሲገቡ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ በሩቁ ተሰናበትኳቸው። ታናሽ እህቴ ቦጋለች ቀሚሴን ጨብጣ አላስጠጋ አለችኝ። ምን ታድርግ! በዚያው ዓመት የጎረቤት ንብ አንገቴ ላይ ነድፋኝ ፊቴ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ ወድቄ፣ ሶዶ ሐኪም ቤት በመርፌ ነው የተረፍኩት። «እማማ፣ ሁለተኛ ከተነደፉ እዚህ ላይደርሱ ይችላሉ፤ ከንብ ይራቁ» አለኝ ሐኪሙ። አሥራ አንድ ቀፎ ይዤ፣ ከሁሉ የምወደውም ከበሩ አጠገብ ሆኖ ወዴት ልራቅ? ጀርመን ያለችው ልጄ አስቴር ይህን ስትሰማ «እዚህ መድኃኒት አለው» ብላ የጥሪ ወረቀት ላከችልኝ።

እናንተዬ፣ ብርዱ! በሰኔ ጋቢ ደርቤ ዋልኩ። ድንች ሞልቷል፤ ግን ከመሬት የምንቆፍረውን የእኛን ቦዬ አያክልም፤ ይዤው የመጣሁት የበርበሬ ዳጣ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር።

የአለርጂ ሐኪሟ ቀጭን ሴት ናት። አስቴር እያስተረጎመችልን ጠየቀችኝ።

«ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ተነድፈዋል?»

«አንድም ጊዜ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንዴት ይሆናል? ሰውን እንዲህ የሚጥለው ሰውነቱ መርዙን ቀድሞ ሲያውቀው ነው። ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናል።»

ልጄ ሳቀች። «እማዬ፣ የራስሽ ንቦችስ?»

«እነሱማ የቤት ናቸው! እሱ ሰላምታ ነው እንጂ መንደፍ ይባላል?» በቤታችን የራሱን ንብ ነደፈችኝ ብሎ የሚያማን ሰው ንቡ ጥሎት ይሄዳል ተብሎ ነው ያደግነው።

«ሰላምታውስ ስንት ጊዜ ነበር?» አለች ሐኪሟ።

«ኧረ በየሳምንቱ!»

ክንዴ ላይ ጠብታ አደረገች፤ አንዱ የጨው ውሃ፣ አንዱ የተርብ መርዝ፣ አንዱ የንብ። በመርፌ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጋ ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ዐይኔን አልነቀልኩም። ውሃው ዝም፣ ተርቡም ዝም፤ የንቡ ቦታ ግን ባቄላ አክሎ ተነሳ! ደምም ወሰዱ። መድኃኒቱስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው የንቡ መርዝ! በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ ይወጉኛል፤ ተወግቼም ግማሽ ሰዓት እያዩኝ እቀመጣለሁ። ሰውነቴ ሲለምደው በወር አንዴ ይሆናል፤ ሦስት ዓመት፣ ምናልባትም አምስት። ከዚያ ከንቦቼ ጋር መኖር እችላለሁ።

ቪዛዬ ሲያልቅ ቢሮ ሄድን። ሹሙ ወረቀቴን አገላበጠ።

«ለምን እዚህ መኖር ይፈልጋሉ?»

«አልፈልግም። የምቆየው አገሬ ለመግባት ነው።»

«ታዲያ ለምን አይገቡም?»

«ገብቼ እንዳልሞት ነዋ!»

«ማን ነው የሚገድልዎት?»

«ንብ።»

ወደ አስቴር ዞረ። «እናትዎ ጤነኛ ናቸው?»

«ጤነኛ ብትሆንማ እዚህ ምን ትሠራ ነበር?» አለችው። ለስድስት ወር ማኅተም መታልኝ።

ባለፈው እሁድ ሁምቦ ባለ አንድ ሱቅ ስልክ ደውዬ ቦጋለችን አገኘኋት።

«እትዬ፣ የምሥራች!»

«ምሥር ብዪ።»

«ቀፎዎቹን በሙሉ ለሰው ሰጠኋቸው! ግቢው ጥርግ ብሏል። በቃ መርፌውን ተዪና ነይ።»

«ከበሩ አጠገብ ያለውንስ?»

«እሱንማ በመጀመሪያ!»

ከኋላዋ ሰው ይስቃል፣ ፍየል ይጮኻል። ደስ ብሏታል፤ ለእኔ ብላ ነው። በመርፌው ያበጠ ክንዴን በሌላው እጄ ያዝኩት።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እህቴ» አልኳት።

ሐሙስ መርፌ አለኝ። ቀፎ ባይኖርም ልወጋ እሄዳለሁ።