አንድም ቀን ያላሸነፉት መራጭ

በምርጫው ዕለት ረፋድ ላይ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራው ፈትሂያ ፀሐዩ አናቷን ሲበሳት «ለውጥ ለማያመጣ ነገር!» ብላ ከሰልፉ ልትወጣ ነበር። ከፊቷ የማታውቃቸው አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። የሸሚዛቸው አንገትጌ አልቋል፤ ግን በደንብ ተተኩሷል። ወንበር ቢያመጡላቸውም አልቀመጥም ብለዋል።

«አባቴ፣ እርስዎ የመረጡት ሰው አሸንፎ ያውቃል?» አለቻቸው።

«ወላሂ፣ አንድም ቀን!» ብለው ሳቁ።

«ታዲያ ለምን ይደክማሉ?»

ሽማግሌው በመሐረብ የጠቀለሉትን የምርጫ ካርድ ቀስ ብለው ፈቱት። «እኔ ቤቴ ከቀረሁማ፣ ያሸነፈው ሰው አገሩ ሁሉ ወዶኛል ይላል። ያልወደድነው ስንት እንደሆንን ይወቅ እንጂ!»

ፈትሂያ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ እዚያው ሰልፉ ላይ ቀረች።

ተራቸው ሲደርስ አስመራጩ ሊያግዛቸው ቢል አመስግነውት ብቻቸውን ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ። ብዙ ቆዩ። ሰልፈኛው ማጉረምረም ጀመረ።

«ተዉአቸው፣ በደንብ ይምረጡ!» ብላ የጮኸችው ፈትሂያ ነበረች።

ወረቀታቸውን ኮሮጆው ውስጥ ከትተው ሲመለሱ፣ ቀለም የነካው ጣታቸው ሸሚዛቸውን እንዳያበላሽ አርቀው ይዘውታል።

«ግቢ እንጂ ልጄ፣ ተራሽ ነው» አሏት።

ገባች።