የባልየው ጆሮ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፎቶ በኮምፒውተር ማስተካከል ከሚማሩት ሁሉ፣ ጋቢዋን ሳታወልቅ የምትቀመጠው ይቺ ከጫጫ የምትመጣው ሴትዮ ብቻ ናት። ሌላው ተማሪ ከፎቶ ላይ ኳስ ተጫዋች ቆርጦ ማውጣት ይለማመዳል። እሷ የሠርጓን ፎቶ በስልኳ አንስታ መጥታለች፤ ጥሏት የሄደውን ባሏን ከጎኗ ልታወጣው ነው። ያኔ ከግድግዳ ያወረደችው ፎቶ ወደ ቦታው ይመለሳል።

አስተማሪዋ ሊያ፣ ሰውየውን በማውስ ዙሪያውን መክበብ አሳየቻት። ሌሎቹ ተማሪዎች የቆረጧቸው ተጫዋቾች ጆሯቸው ተጎምዶ ወጣ። ሴትዮዋ ግን የባሏን ጆሮ ብቻ ስትዞር የሻይ ሰዓት አለፈ።

«እትዬ፣ ለሚጠፋ ሰው ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ?» አለቻት ሊያ።

«ይጥፋ፤ ግን ጆሮውን ይዞ ይጥፋ። ድሮም ብርድ አይችልም።»

ባልየው ከሙሽሪት ተነጥሎ፣ ለብቻው አንድ ሌየር ላይ፣ በፎቶው ላይ እንደ ስስ ወረቀት በተነባበረ ገጽ ላይ ወጣ።

«በሉ አሁን ያጥፉት» አለቻት ሊያ።

ሴትዮዋ ከሌየሩ አጠገብ ያለችውን የዓይን ምልክት ተጫነች። ባልየው ተሸሸገ እንጂ አልጠፋም። ሙሽሪት ከባዶ ቦታ ጋር ቆማ ቀረች።

«ይበቃዋል» አለች።

ትምህርቱ አልቆ በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ተመለሰች። ያችኑ ምልክት ነካች፤ ሙሽራው ከነጆሮው ብቅ አለ።

«ነገ እስክመጣ» አለች ጋቢዋን እያጣፋች፣ «ጨለማ ውስጥ ብቻውን አይደር።»