ዘይት የምትጠጣው ቀይ መኪና

ጋራዡ ውስጥ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «ጆሮ» ነው የሚለው። ስሙን ያገኘው ቤንዚንና አየር በካርቡሬተር ይቀላቀል በነበረበት ዘመን፣ በሥራው ነው። ሞተር ተነስቶ ኮፈኑ ሲከፈት ጎንበስ ይላል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ በካቻቢቴ አንዷን ቡሎን ጠምዘዝ ያደርጋል፤ ሲያስል የከረመው ሞተር ድምፁ ጥርት ይላል። ታዲያ ያ ዘመን አለፈ። መኪኖቹ ኮምፒውተር ገባባቸው፣ ነዳጃቸውን ራሳቸው እየመጠኑ የሚረጩ ሆኑ፣ የሱም ጆሮ ሥራ ፈታ። እሱ ግን አዲሱን ሥራ ልማር አላለም። «መርጨት ለአበባ ነው» እያለ ሲያሾፍ ታናሽ ወንድሙ ተምሮ ጋራዡን ጠቅልሎ ያዘ።

ታናሹን ሥራ ያስተማረው ጆሮ ነው። ማስተማር ከተባለ። መፍቻ ሲሳሳት ያንኑ መፍቻ ይወረውርበት፣ ደንበኛ ፊት ደግሞ «ይሄ ደደብ የእናቴ ልጅ ነው፣ ምን ላድርገው?» ይል ነበር። ታናሹ ያን ሁሉ ዋጥ አድርጎ አደገ። ዛሬ ባለጋራዥ ሆኖም «ጋሼ» ይለዋል፤ ግን ጥርሱን እንደነከሰበት ነው። እንዳያባርረው እናታቸው አስምላዋለች፤ «ታላቅህን ካስወጣህ ልጄ አይደለህም» ብላዋለች። ስለዚህ ጆሮ ከበሩ በስተግራ ባለችው ጥግ ዘይት እየቀየረ፣ ያለፈ ያገደመውን መካኒክ እየነቀፈ ይውላል። ያቺን ጥግ ታናሹ ለአዲስ የጎማ ማስተካከያ ማሽን ከፈለጋት ቆይቷል።

አንድ ቀን የአንዲት የጥርስ ሐኪም ቀይ የስፖርት መኪና እየተገፋች ገባች። ኮምፒውተሯ ተቃጥሏል፤ ምትክ ቢፈለግ ጠፋ። ሞተሯ ደግሞ እንደሌላው አይደለም፤ ፒስተን የሚባል ነገር የላትም፣ በሆዷ ውስጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው የሚሽከረከረው። መካኒኮቹ ከበው ሲያዩዋት ታናሹ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ወደ ካርቡሬተር ቀይርልን። ከሠራህ ያቺን ጥግ እስክትሞት ማንም አይነካብህም።»

«ካልሠራሁስ?»

«ካልሠራህማ፣ ሥራ በቃኝ ብለህ ለእማዬ አንተው ትነግራታለህ።»

መካኒኮቹ ሳቁ። የጆሮ ልብ ግን ዘለለች። ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ መዋል ለሱ የቁም ሞት ነበር፤ ቱታውን ካወለቀ በኋላ ማን እንደሚሆን ራሱም አያውቅም። ደግሞ ካርቡሬተር! በሜዳው ነው የጠሩት። «አምጧት» አለ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሲሠራ ያምር ነበር። የነዳጅ መርጫዎቹን ነቅሎ ቀዳዳቸውን ደፈነ። ካርቡሬተሩ የሚቀመጥበትን ሳህን ከወፍራም አሉሚኒየም ቆርጦ፣ በሞረድ ሞርዶ ልክ አገባው። መጀመሪያ ሲያስነሳት ቤንዚኑ በካርቡሬተሩ አፍ ገንፍሎ ፈሰሰና መካኒኮቹ «ጋሼ፣ ሻወር ነው እንዴ የሠራህላት?» ብለው ተሳለቁበት። አልተቆጣም። የድሮው ፓምፕ ለመርጫ የተሠራ ነው፣ ግፊቱ ለካርቡሬተር ይበዛል። አውጥቶ ቀስ ብሎ በሚገፋ ፓምፕ ተካውና ገላገላት።

ሊጨርስ ሲል ዓይኑ ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ አረፈ። ከሞተሩ ፊት ካለች ትንሽ ፓምፕ ተነስተው ዘይት ወደ ሞተሩ ሆድ ያስገባሉ። ጆሮ ደሙ ፈላ። ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ዘይት ከሚበሉ ሞተሮች ጋር ነው፤ ለሱ ዘይት የሚበላ ሞተር በሽተኛ ነው፣ ዘይት የሚያበላው መካኒክ ደግሞ አጭበርባሪ። «የትኛው ቀሽም ነው ይሄን የቀጠለው?» አለ። ከፋብሪካ እንዲህ ሆና መጥታ ይሆን ብሎ ማሰብ ይችል ነበር። መጠየቅም ይችል ነበር፤ ወንድሙ እዚያው ቢሮው ውስጥ ነበር። መጠየቅ ግን አልፈጠረበትም። ቱቦዎቹን ቆርጦ አፋቸውን በቡሎን ጠረቀመ።

ታናሹ በዚያ ሲያልፍ ቆም አለ። ጎንበስ ብሎ የተደፈኑትን ቱቦዎች አየ።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ዘይት ታባክን ነበር። አስተውኳት።»

ታናሹ ቀና አለ። ከዚያ የወንድሙን ትከሻ መታ መታ አደረገና «ጎበዝ» አለው።

ጎበዝ! ከዚህ ሰው አፍ ይቺን ቃል ሰምቶ አያውቅም። የጆሮ አንጀት ቅቤ ጠጣ። መኪናዋን አስነስቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አስተካከላትና ቆማ ስታንጎራጉር ጋራዡ ሁሉ ሥራውን አቁሞ አዳመጠ። ሐኪሟ መጥታ ስትወስዳት ምስጋናዋን ለታናሹ ሰጠች፣ እሱም ተቀበለ። ጆሮ ከጥጉ ሆኖ ሲያይ ምንም አልመሰለው። ቤት ሲገባ እናቱን «ልጅሽ ዛሬ ጎበዝ አለኝ» አላት፤ አሮጊቷ ደስታው እንባ አመጣባት።

ሁለት ወር ሳይሞላ ቀይዋ ተጎትታ መጣች። መጀመሪያ ስትሞቅ አልነሳም ትል ነበር፣ ኋላ ጭራሽ እምቢ አለች። ታናሹ ሞተሩን በገዛ እጁ ፈታና መካኒኮቹን ሁሉ ጠርቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። የሦስት ማዕዘኑን ጫፎች የሚያሽጉት ስስ ብረቶች ተበልተው አልቀዋል፤ የውስጥ ግድግዳው ድመት የቧጠጠው ይመስላል።

«ይቺ ሞተር ዘይት የምትጠጣው ስትሠራ እንዲያ ስለተደረገች ነው» አለ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ሰው። «በነዚያ ቱቦዎች የሚገባው ዘይት እነዚህን ጫፎች ያለሰልሳል። ቱቦው ከተዘጋ ቤንዚኑ ላይ ዘይት መቀላቀል ነው። ጋሼ ደፈነው፣ አልቀላቀለም። በደረቁ ፈጫት።»

ማንም አልሳቀም። ጆሮ ቢስቁበት ይሻለው ነበር። መካኒኮቹ ሲበተኑ ጆሮ ወደ ወንድሙ ጠጋ አለ።

«ያን ቀን አይተኸው ነበር።»

«አዎ።»

«እንደሚገድላትም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ? የሰው ንብረት እኮ ነው!»

«ሌላ ሞተር ከነኮምፒውተሩ አግኝቼላታለሁ። በጋራዡ ወጪ ይገባላታል።» ታናሹ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። «በአንድ ሞተር አንተን ከተገላገልኩ ርካሽ ነው፣ ጋሼ።»

ጆሮ ሊሰድበው አፉን ከፈተ። የሚያውቀው ስድብ ሁሉ ግን ዛሬ ለራሱ የሚስማማ ሆነበትና አፉን መልሶ ዘጋ።

ሐኪሟ በዚሁ መሃል ገባች። «የሠራው ሰው ያስረዳዎ» አለና ታናሹ ወደ ጆሮ አመለከታት። ጆሮ ቱታው ላይ እጁን እያሻሸ ተናገረ፤ ቱቦውን፣ ዘይቱን፣ ጥፋቱ የሱ መሆኑን። ሐኪሟ እስኪጨርስ ሰማችው። ነጭ ፀጉሩን፣ የተሸበሸቡ እጆቹን አየችና ወደ ታናሹ ዞር ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እኚህ አባት መካኒክ ናቸው?»

«አይ፣ ወንድሜ ናቸው» አለ ታናሹ። «እዚህ ሲውሉ ደስ ስለሚላቸው ነው።»

«ውይ፣ አይዞዎት አባቴ» አለችው ሐኪሟ፣ ከልቧ። ጆሮ ብትሰድበው ይመርጥ ነበር፤ መካኒክን ይቆጡታል እንጂ አያዝኑለትም።