ዋይፋዩ እምቢ ያለ ጠዋት

ያን ጠዋት የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ስጽፍ ደጋግሜ ተሳሳትኩ። በትክክል ስጽፈውም ኮምፒውተሩ ተገናኝቻለሁ ይላል፣ ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ግን ማስጠንቀቂያ እያመጣ አንድም ገጽ አይከፍትም። «ኧረ በፈጠረህ! ዛሬን እንኳ አታዋርደኝ!» ብዬ ጮህኩበት። ከማሽን ጋር መጣላት ልማዴ ነው።

ፈተናው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት አልቀረውም። ከቤት ሆኖ ለሚሠራ የሂሳብ ሥራ መቀጠሪያ ነው። ካለፍኩ እዚሁ ታቦር ሰፈር፣ አባቴ ጋ እቀራለሁ። ከወደቅኩ ደግሞ የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ሥራ አግኝታልኛለች፤ ሻንጣዬን ይዤ መሄድ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። አባቴ ስኳር አለባቸው፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን የምወጋቸው እኔ ነኝ። እኔ ከሄድኩ ማን ይወጋቸዋል?

ፈተናው በስልክ አይሰጥም። ካሜራ ያለው ኮምፒውተርና ማንም የማይገባበት ክፍል ይፈልጋል። ያለኝ ደግሞ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ዊንዶውሱ የድሮ፣ የውስጥ ባትሪው የሞተ። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ይረሳል። እኔ ቁጭ ብዬ አስተካክልለታለሁ፣ አባቴም መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ሆነው ያያሉ።

ዋይፋዩን አጥፍቼ አበራሁ። ሳሎን ያለውን የዋይፋይ ሳጥን ከሶኬቱ ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ኔትወርኩን ከኮምፒውተሩ አጥፍቼ እንደ አዲስ አገናኘሁት። ችግሩን ፈልግልኝ የሚለውን ተጫንኩ፤ ሲፈልግ ሲፈልግ ቆይቶ ምንም አላገኘሁም አለኝ። «ታዲያ እኔ እዚህ ምን ሆኜ ነው የማለቅሰው?» አልኩት። ስልኬ በዚያው ዋይፋይ ሁሉንም ይከፍታል። ባህል አዳራሽ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን ጎረቤት አለን፤ ደወልኩለት። «እህቴ፣ እሱ አርጅቷል፤ ፎርማት ነው የሚፈልገው። ከሰዓት አምጪው» አለኝ። ከሰዓት! ቆሌዬ ተገፈፈ።

አባቴ በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። «ባጃጅ ልጥራልሽ? ሌላ ቦታ ሄደሽ ብትሞክሪስ?» አሉኝ።

«አባዬ፣ ጊዜ የለም። እባክዎ አሁን አያዋሩኝ።»

ወደ በረንዳው ወጡ።

ገጹን እንደገና ከፈትኩት። ያው ማስጠንቀቂያ መጣ። እስካሁን ባየሁት ቁጥር ስዘጋው ነበር፤ አሁን የምሞክረው ሌላ ነገር ስላጣሁ አነበብኩት። የኮምፒውተርሽ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል። ታች ጥጉን አየሁ። ዓመቱ የእኛ ዓመት፣ ወሩ የእኛ ወር፣ ቀኑም የእኛ። ሰዓቱ ራሱ ልክ እንደ ግድግዳው ሰዓታችን የሐበሻ ነው።

ሌላ ማን ይሆናል? አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ቀኑ የተሳሳተ ደብዳቤ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። ያን ጠዋት እኔ ቁርስ ሳቀርብ፣ የሞላሁትን የፈረንጅ ቀን አይተው የልጄ ፈተና በስህተት ቀን እንዳይመዘገብ ብለው አርመውልኛል። ኮምፒውተሩ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመልሷል፤ ድረ ገጾቹም እንዲህ ያለ ማሽን አናምንም ብለው በራቸውን ዘግተዋል። ምስኪን ዋይፋይ፣ በሌለበት ጥፋት ነው የተሰደበው።

ልጮህ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ቢያውቁ እህል በአፋቸው አይዞርም። ቀኑንና ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ መለስኩ። ገጹ ተከፈተ። በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አሁን ይቆረጣል፣ አሁን ይቆረጣል እያልኩ ጥያቄውን ትቼ የዋይፋዩን ምልክት ነበር የማየው። ስጨርስ ውጤቱ እዚያው ወጣ፤ አልፌያለሁ።

እየሮጥኩ ወደ በረንዳው ወጣሁ። አባቴ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥተው፣ አቧራውን ወልውለው አጠገባቸው አስቀምጠውታል። እሳቸው ግን አጎንብሰው ፓፓያ ይወጋሉ። ሲሪንጁ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። አውራ ጣታቸው ይደማል።

«አባዬ! ምን እየሠሩ ነው?»

«ጩኸትሽን ሰማሁ። ማሽኑ እምቢ ካለሽ በእኔ የተነሳ ከአዲስ አበባው ሥራ እንዳትቀሪ። መውጋቱን እየለመድኩት ነው፤ ይኸው እዪ» አሉና እንደገና ሊወጉ እጃቸውን አነሱ። መርፌው ፓፓያውን ሳተው።

ሲሪንጁን ከእጃቸው ወሰድኩ። «አልፌያለሁ። የትም አልሄድም» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ፈርቼ'ኮ ነበር» አሉ። አባቴ ፈራሁ ሲሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ነው የሰማሁት።