ናዝራዊትና የመታጠቢያ ቤቱ በር

በአገራችን የሰው የሕይወት ታሪክ የሚነበበው በቀብሩ ቀን ነው። ሬሳው መሬት ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ይቆምና ሟች የት እንደተወለደ፣ ምን እንደሠራ፣ ስንት ልጅ እንዳፈራ ያነባል። እኔ ፊደል የለየሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ አስተማሪ ሳይኖረኝ ነው። ቢሆንም በእድራችን አንብብ ተብዬ አሳፍሬ አላውቅም። ባነበብኩ ቁጥር ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ታሪኩ ሁሉ የሚጀምረው ከትምህርት ቤት ወይም ከሥራ ነው። ሰውየው ከዚያ በፊት ምን ሲሠራ ነበር? ስለዚህ ሁለት ዓመት እንኳ ስላልሞላት ሰው ልጽፍ ተነሣሁ። ስሟ ናዝራዊት ሲሳይ ይባላል፤ የልጄ ልጅ ናት።

ናዝራዊት የተወለደችው እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ በሚያደርግበት በኅዳር ወር ነው። አባቷ፣ ልጄ ሲሳይ፣ ፋብሪካ ስለሚሠራ ቀን ቀን ቤት አይገኝም። እናቷ ገነት ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ሥር አኑራ ትሠራለች። እኔና ባለቤቴ አሰገደች ደግሞ አራስ ልንጠይቅ ከአንኮበር፣ ከጎረቤላ መጥተን በዚያው ቀረን።

ጎረቤላ ሳለን ውኃው ሌላ ቦታ፣ እሳቱ ሌላ ቦታ፣ መጸዳጃውም ከጓሮ ማዶ ነበር። ሕፃን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ መንገድ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ያየዋል። ልጄ የሠራው ቤት ግን ሁሉን በአንዲት ጠባብ ክፍል ሰብስቦታል። የሚያቃጥለው ውኃ ከግድግዳው ይወርዳል፣ ወለሉ እንደ በረዶ ያንሸራትታል፣ ሳሙናው፣ ምላጩ፣ መድኃኒቱ እዚያው ነው። ውኃ የሚመጣልን በፈረቃ ስለሆነ በርሜልና ባልዲ ሞልተን የምናስቀምጠውም እዚያው ነው።

ናዝራዊት ይህችን ክፍል ያገኘቻት በዳኸች ሰሞን ነው። መጀመሪያ የጠራት የቧንቧው ጠብታ ነበር። መዳፏን ከሥሩ ዘርግታ ትቀመጣለች። ጠብ ሲል መዳፏን ታያለች፣ ከዚያ ቀና ብላ ቧንቧውን ታያለች፣ እንደገና መዳፏን። እኔ በሕይወቴ ብዙ ድንጋይ ጠርቤ ብዙ ቤት ያቆምኩ ግንበኛ ነኝ፤ ሥራ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያቺ ልጅ እዚያ ቁጭ ብላ የምታደርገው ነገር ጨዋታ አልነበረም፤ ሥራ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቅዳሜ ገነት ስትጮኽ ሰማን። ደርሰን ስናይ የናዝራዊት እግሮች ወደ ላይ ተሰቅለዋል፣ ራሷ ባልዲው ውስጥ ነው። እናቷ መንጭቃ አወጣቻት። ውኃው ከአፍንጫዋ እየወረደ፣ እያሳላት፣ እሷ አላለቀሰችም። ጣቷን ወደ ባልዲው ቀሰረችና፣

«አለች!» አለችን።

ውኃው ውስጥ ያየቻትን ልጅ ልታወጣ ነበር የገባችው።

ገነት ልጇን እቅፍ አድርጋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «አባባ፣ እኔ ከዚህ በኋላ መኪናው ላይ ተቀምጬ እንዴት ነው የምሰፋው?» አለችኝ። «ዞር ባልኩ ቁጥር ልትሞትብኝ ነው።»

ያን ቀን ከሰዓት ሥራ ጀመርን። ለበርሜሉ ከባድ የእንጨት ክዳን ሠራሁለት። ባልዲዎቹን ባዶ አድርገን ደፋናቸው። በሩ ላይም ከወገቤ ከፍ አድርጌ የብረት መንጠቆ መታሁ።

«ከዚህም ከፍ ያድርጉት አባባ» አለች ገነት።

«ከወገቤ በላይ ነው እኮ!»

«ይቺ ልጅ ወገብ የሚባል አታውቅም።»

ናዝራዊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ መዶሻው ሲወጣና ሲወርድ ስታይ ዋለች። ሥራዬን ጨርሼ ዕቃዬን ስሰበስብ ተነሣችና በሩን ገፋችው። እምቢ አላት። በርጩማዋን ጎትታ አመጣች፤ ወጥታ ተንጠራራች፤ አልደረሰችም። ወረደችና ዝም ብላ ቆመች። ከዚያ በሩን ከታች በኩል በሁለት እጇ ያዘችና እንደ ወንፊት አንቀጠቀጠችው። መንጠቆው ዘለለና ወደቀ። በሩ ተከፈተ።

አሰገደች ሳቋ አላስቆም አላት። «የስንቱን ቤት ግንብ ያቆምክ ሰውዬ! ጥርሷ ሞልቶ ባላለቀ ልጅ ተረታህ?»

«አልተረታሁም» አልኳት። «መንጠቆው ነው የተረታው።»

በልቤ ግን እጅ ነሥቼላታለሁ። ማን ነገራት? ብረቱን አልነካችውም፤ ያለበትን ቦታ እንኳ በደንብ አታየውም። መዶሻው ሲመታ በሩ ሲነቃነቅና መንጠቆው ሲዘል አይታ፣ ያንን በልቧ ይዛ ቆይታ ነው።

በማግስቱ ገነት ሌላ ሐሳብ አመጣች። «አባባ፣ እኛ ሁሉን ቆመን ነው የምናየው። እሷ የምታየው ከታች ነው» አለችና መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ በደረቷ ተኛች። እኔም ጋቢዬን አጥፌ በጉልበቴ ወረድኩ።

«ልትድህ ነው?» አለች አሰገደች። «ሰው እንዳያይህ በሩን ልዝጋልህ?»

«ተይው ክፍት ይሁን። የሚያይ ይይ።»

አንገቴን ዝቅ ሳደርግ የማውቃት ክፍል ጠፋች። ሌላ አገር ነበር። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው የሚያብለጨልጭ ቱቦ ክፍሉን በሙሉ ገልብጦ ይዞታል፤ በሩ፣ መስኮቱ፣ የእኔ ፊት ሳይቀር እዚያ ውስጥ ጎብጦ ይታያል። ከመጸዳጃው ጀርባ ሲሳይ የጣለው ምላጭ እንደ ብር ያበራል። ሰማያዊው ሳሙና ከረሜላ ይመስላል። ቆመን ስንሄድ ምንም የማይታየው ሁሉ ከዚያ ሲያዩት «ና፣ ንካኝ» ይላል። ቀና ያልኩት ገነት ደግፋኝ ነው፤ ግን ወዲያው ቀና ማለት አልፈለግኩም ነበር።

ምላጩን አነሣን። ሳሙናውን፣ መድኃኒቱን፣ መቀሱን ሁሉ እኔ እንኳ የምንጠራራበት መደርደሪያ ላይ ሰቀልነው። መንጠቆውን ነቅዬ የሚሸጎጥ መቀርቀሪያ አደረግሁ። ናዝራዊት አንቀጠቀጠችው፤ አልተከፈተም። ገነትም ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ተገላገልን አልን።

አንድ ነገር ግን አላየንም፤ በሁሉም ቤት ያለ ነገር ስለሆነ።

የአንኮበር ዘመዶቻችን ወደ ከተማ ሲመጡ ጠበል ያመጡልናል። የሚያመጡልን የታሸገ ውኃ በነበረበት ባዶ ፕላስቲክ ነው። አሰገደች ጠዋት ጠዋት፣ እህል ከመቀመሱ በፊት፣ ነጠላዋን ተከናንባ ለናዝራዊት ትሰጣታለች። ልጅቷ አፏን ከፍታ ዓይኗን ትጨፍናለች። አሰገደች «በስመ አብ» ሳትል ልጅቷ ጠብታ አትቀምስም። አንድ ጊዜ ፕላስቲኩን ራሷ ልታነሣ ስትል አሰገደች እጇን ያዝ አድርጋ፣ «ይሄ ለብቻ አይጠጣም የኔ እመቤት፤ ሰው ነው የሚሰጥሽ» ስትላት ሰምቻለሁ።

በዚያው ሰሞን ገነትና ጎረቤቶቿ አንድ ትልቅ ጀሪካን በረኪና በጋራ ገዝተው ተከፋፈሉ። የተከፋፈሉትም በባዶ የውኃ ፕላስቲክ ነው። ሁሉም ቤት እንዲህ ያደርጋል። የእኛን ድርሻ መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ፣ ከፍ አድርገን አስቀመጥነው።

አንድ ጠዋት አሰገደች ነጠላዋን ልታጥብ በረኪናውን አወረደች። የውጭው በር ተንኳኳና ልትከፍት ወጣች፤ ፕላስቲኩ ወለሉ ላይ፣ መቀርቀሪያውም እንደተከፈተ ቀረ። እኔ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር። የስፌት መኪናው ከውስጥ ይንጣጣል።

ናዝራዊት መጣች። የፊት ፎጣ እንደ ነጠላ ተከናንባለች። በሁለት እጇ አንድ የውኃ ፕላስቲክ ታቅፋለች፤ ከብዷት ወደ ኋላ ዘመም ብላለች። ፊቴ ስትደርስ ቆመች።

«አባ» አለችኝ። «ማብ።»

«በስመ አብ» ማለቷ ነው። ሳቄ መጣ። አያቷ ሥራ በዝቶባት ጠበሉን ረስታው፣ ልጅቷ ራሷ ይዛ መጣች ብዬ ደስ አለኝ። ተቀበልኳት። አፏን ከፈተች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ክዳኑን አጥብቄ ይዤ ዞር አደረግሁት። «በስመ አብ ወወልድ...» ብዬ ሳልጨርስ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ።

እንዴት እንደከደንኩት አላውቅም። ፕላስቲኩን ወርውሬ ልጅቷን ወደ ራሴ ሳብኳት። አፏን አሸተትኩ፣ እጇን አሸተትኩ፣ ልብሷን አሸተትኩ። የእንቅልፍ ሽታ ብቻ ነው። እሷ ዓይኗን እንደጨፈነች ነው።

«ገነት!» ብዬ ጮኽኩ። ገነት ከውስጥ፣ አሰገደች ከደጅ እየሮጡ ደረሱ። ገነት የልጇን አፍ ከፍታ ምላሷን አየች፣ ከንፈሯን ዳበሰች፣ እጇን አጠበቻት። ምንም አልነካትም። አሰገደች ግን ፕላስቲኩን አይታ መሬት ላይ ዘጭ አለች።

«እኔ ነኝ! ከዚህ ዕቃ መጠጣት ያስተማርኳት እኔ ነኝ!» እያለች ደረቷን መታች።

ገነት ቁጢጥ ብላ እጇን ያዘቻት። «እማማ፣ ይስሙኝ። ትናንት የሽቶዬን ክዳን በጥርሷ አልከፈተችም? ይሄስ ያቅታታል? ለብቻ አይጠጣም ብለው ባያስተምሯት እዚያው ወለሉ ላይ ትጠጣው ነበር።»

እኔ ልጅቷን አየኋት። በሩ ተከፍቶላታል፣ የሚከለክላት ሰው የለም፣ የምትፈልገው ነገር እቅፏ ውስጥ ነው። እሷ ግን ያንን ሁሉ ከባድ ነገር ተሸክማ፣ ሳሎኑን በእናቷ ጀርባ አቋርጣ፣ ደረጃውን ወርዳ፣ የእግዚአብሔርን ስም የሚጠራላት ሰው ፍለጋ መጣች። እኔ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ እንዲህ ያለ መታገሥ በትልቅ ሰው ላይ እንኳ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ገነት በረኪናውን መጸዳጃው ውስጥ ደፋችው። አሰገደች ቢላ አምጥታ ፕላስቲኩን ለሁለት ቀደደችው። ከዚያ ቤቱ ውስጥ ያለውን ባዶ ፕላስቲክ ሁሉ ለቃቅማ እንደዚያው አደረገች። የቀረውን ጠበል ወደ ሸክላ ገንቦ ገለበጠችው። ከእንግዲህ በረኪና የምንገዛው ፋብሪካው ባሸገበት ዕቃ ብቻ እንዲሆን ተስማማን፤ ገነትም ለጎረቤቶቿ ልትነግር ወጣች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ናዝራዊት ፎጣዋን እንደተከናነበች ቆማ ነበር። ጠበሏን አላገኘችም።

«ማብ» አለች፤ አሁን ቆጣ ብላ።

አሰገደች ከገንቦው በትንሽ ስኒ ቀዳች። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለች። ስኒውንም መጀመሪያ ወደ ራሷ አፍ ወስዳ ቀመሰች፤ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ ለልጅቷ ሰጠቻት። ናዝራዊት ጠጣችና አፏን በፎጣዋ ጠረገች።

ከዚያን ቀን ወዲህ በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ሳይቀምስ ለሕፃን ጠበል አይሰጥም።